የራቀ ደጅ

ላሊበላ ውስጥ ዮርዳኖስ አለ። ከዓለት ተፈልፍሎ የወጣ፣ ክረምት ካልሆነ በቀር ውኃ ብዙም የማይታይበት ቦይ ነው። የላሊበላን የዓለት አብያተ ክርስቲያናት ከሁለት ይከፍላቸዋል፤ በመካከሉም ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ መስቀል ቆሞበታል። ከቦዩ ወዲህ ጎልጎታ፣ ደብረ ሲና፣ የአዳም መቃብር አሉ። ከቦዩ ወዲያ ደግሞ ቤተ ልሔም። ከዋናው ዮርዳኖስ እስከዚህኛው በአየር ቢለካ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በእግርና በመርከብ ለሚሄድ የዚያ ዘመን ሰው ግን መንገዱ የሚቆጠረው በወራት ነበር።

እነዚህን ስሞች ያወጡ ሰዎች ኢየሩሳሌም የት እንዳለች ጠፍቷቸው አልነበረም። ከሀገራችን ወደዚያ የሚሄዱ መነኮሳት ነበሩ፤ ደርሰው እዚያው የቀሩ፣ በረሃ ላይ የቀሩ፣ ተመልሰውም ያዩትን የተናገሩ። ታዲያ ዋናው ያለበት ቦታ በትክክል እየታወቀ ሌላ ዮርዳኖስ መቆፈር ምን ማለት ነው? ጥያቄው ለዓመታት አብሮኝ ኖሯል፤ የላሊበላ ጥያቄ ብቻ መስሎ አይታየኝምና። ክርስቶስ ከተሰቀለበት ስፍራም ሆነ ከተሰቀለበት ዘመን እጅግ ርቄ የተወለድኩ ሰው ነኝ። ያመንኩት ሰምቼ ነው። ስላላየሁት ቦታና ስላልኖርኩበት ዘመን የሰማሁት ነገር እንዴት የራሴ ሊሆን ቻለ?

የተለመደው መልስ ከታሪክ ይነሳል። በ1187 እ.ኤ.አ. ሳላሕ አድ-ዲን ኢየሩሳሌምን ያዘ፤ የተሳላሚው መንገድ ተዘጋ፤ ንጉሥ ላሊበላም ሕዝቡ በበረሃ እንዳያልቅ ኢየሩሳሌምን ያኔ ሮሃ ወደምትባለው ወደዛሬዋ ላሊበላ አመጣት ይባላል። የንጉሡ ገድል ደግሞ መላእክት ወደ ሰማይ ወስደው የሚያንጻቸውን አብያተ ክርስቲያናት እንዳሳዩት ይናገራል፤ ቀን ሰው ጠርቦ ያቆመውን ሌሊት መላእክት እየጨመሩበት ያድሩ እንደነበር በአፍ የሚተረከውን የማያውቅ የለም። የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪዎች በበኩላቸው ሥራው በአንድ ዘመን ብቻ አልተፈጸመም ባዮች ናቸው። እነ ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ከንጉሡ በፊት ለሌላ ግልጋሎት ተፈልፍለው፣ ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆነዋል ብለው የሚከራከሩ አሉ። ሳላሕ አድ-ዲንም ቢሆን የምሥራቅ ክርስቲያኖችን ከከተማይቱ አላስወጣም።

የትኛውም ወገን ይርታ፣ አንድ ነገር ግን ሳይመለስ ይቀራል። ሮሃ የተፈለፈለችው መንገድ ስለተዘጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ መንገዱ ሲከፈት ሥራዋን በጨረሰች ነበር። ይኸው ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ፣ ኢየሩሳሌም በአውሮፕላን በጥቂት ሰዓታት በሚደረስባት ዘመን፣ ለገና በዓል ከወሎ፣ ከጎንደርና ከጎጃም ገጠር ቀናት፣ አንዳንዱም ሳምንታት በእግሩ ተጉዞ ላሊበላ የሚገባው ሕዝብ አልተቋረጠም። በሶውንና ዳቦ ቆሎውን በአገልግልና በስልቻ ይዞ፣ ሜዳ ላይ እያደረ ይመጣል። መኪና በሚገኝበት መንገድ ላይ ሳይቀር መኪናውን ትቶ የሚሄድ አለ። ለዚህ ሰው ርቀቱ ሊቀረፍለት የሚገባ ችግር አይደለም። ይዞት የመጣው ስጦታው ነው።

እኔ እዚህ ላይ ነው የምቆመው። ቅዱስ ስፍራ በሰው ልብ ላይ የሚሠራው ትልቁ ሥራ የሚፈጸመው ሰውየው ገና ሳይደርስበት ይመስለኛል። ስፍራው ከሩቅ ሆኖ ይጠራል፤ ሰው ደግሞ የሚጠራውን ነገር እያሰበ ኑሮውን ያስተካክላል። ይጾማል፣ ከተጣላው ይታረቃል፣ ስለት ይገባል፣ ስንቅ ያሰናዳል። ደጁን ሲሳለም የሚሰማው ነገር በመንገድ ሲጠራቀም የቆየው ነው።

ታኅሣሥ 29 ንጋት ላይ በቤተ ማርያም ዙሪያ የሚሆነውን ያየ ሰው የምለውን ይረዳል። ካህናቱ ከሁለት ይከፈላሉ። ገሚሶቹ ማሜ ጋራ በሚባለው የዓለቱ ጫፍ ላይ፣ ገሚሶቹ ከታች ከግቢው ሆነው ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ ይቀባበላሉ። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። በልደት ሌሊት የሆነው ነገር በዚህ ዓለት ላይ አልሆነም፤ ይህን የማያውቅ አንድም ተሳላሚ በዚያ አይገኝም። ሆኖም ሌሊቱን በብርድ ያደረው ሕዝብ የሚመለከተው ትርኢት አድርጎ አይደለም፤ እሱ ራሱ ከእረኞቹ ወገን ቆሟል።

በቦዩ ማዶ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት መካከል አንድ የዋሻ መተላለፊያ አለ። የአካባቢው ሰዎች ሲኦል ይሉታል። የሚታለፈው መብራት ሳይበራ ነው። አንድ እጅ ግድግዳውን ይዳስሳል፤ ሌላው ከፊት የሚሄደውን ሰው ትከሻ ወይም የጋቢውን ጫፍ ይይዛል። ጨለማው ዓይን እየቆየ የሚለምደው ዓይነት አይደለም፤ ቢያፈጡም ቢጨፍኑም ያው ነው። ከፊት ያለው ሰው ጣሪያው ዝቅ ሲል «ዝቅ በሉ» ይላል፤ ቃሉን ተከታዩ ለተከታዩ እያቀበለው ወደ ኋላ ይሄዳል። ልጅ ያዘለች ሴት እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የልጇን ራስ በመዳፏ ትከልላለች። ዓለቱ ቀዝቃዛ ነው፤ የሰው ትንፋሽ ግን ይሞቃል። ብርሃን የሚታየው ከመውጫው አቅራቢያ ከደረሱ በኋላ ነው።

ስለ ኩነኔ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ግን በውስጤ የቀረው ይህ «ዝቅ በሉ» የሚለው ቃል ነው። የሃይማኖት ታሪክ የምንለው ነገር ለአንድ ተራ አማኝ ምን እንደሆነ እንደዚህ ግልጽ አድርጎ ያሳየኝ መጽሐፍ የለም። ከፊቴ የሄዱትን ሰዎች አላያቸውም። ድምፃቸው ግን በብዙ አፍ ተላልፎ ይደርሰኛል፤ ጣሪያው የት ላይ ዝቅ እንደሚል ያወቁት በራሳቸው ግንባር ነው። ያን ድምፅ ማን እንደጀመረው፣ በየትኛው ዓመት እንደጀመረው መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ተመራማሪ ይጠይቅ፣ እኛም እንስማው። የድንጋዩ ዕድሜ በመቶ ዓመት ወደፊት ወይም ወደኋላ ቢሄድ ግን ዝቅ ባልኩበት ቦታ ዝቅ ማለቴ ስሕተት አይሆንም።

ቅዱስ ስፍራ በልብ ላይ ይሠራል የሚለውን ሐሳብ የሚቃወም ትልቅ ሰው አለ፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቤተ ክርስቲያን አባት ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ኢየሩሳሌምን ሄዶ ካየ በኋላ በጻፈው ደብዳቤ ቦታ መለወጥ ማንንም ወደ እግዚአብሔር አያቀርብም ይላል። እሱ ራሱ ቅዱሳት መካናቱን ከማየቱ በፊት ያመነውን ያህል ካየም በኋላ እንዳመነ፣ እንዳልጨመረም እንዳልቀነሰም ይመሰክራል። በዚያች ከተማ ሌብነትም ግድያም ዝሙትም እንደሌላው ሀገር መኖሩን አይቷል፤ ጸጋው ከአፈሩ ጋር የተያያዘ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር የሚል ነው ክርክሩ። ሳምራዊቷ ሴት የሚሰገደው በዚህ ተራራ ነው ወይስ በኢየሩሳሌም ብላ ስትጠይቅ ከጌታ የተሰጣትን መልስ የሚያስታውስ ክርስቲያን ጎርጎርዮስን ሊነቅፈው አይችልም።

ግን በዚያው ዘመን፣ በ380ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ኤጌሪያ የምትባል ሴት ከምዕራቡ ዓለም ተነስታ ሲናንና ኢየሩሳሌምን ተሳልማለች፤ የጉዞ ማስታወሻዋ በከፊል ደርሶናል። በየደረሰችበት የምታደርገው አንድ ነው። ይጸለያል፤ ስለዚያ ስፍራ የተጻፈው ከመጽሐፍ ቅዱስ ይነበባል፤ መዝሙር ይደገማል፤ እንደገና ይጸለያል። ለእኔ ይህች ሴት ጎርጎርዮስ ያላነሳውን ነገር ታሳያለች። አፈሩ ጸጋ አለው ብላ አትከራከርም። መጽሐፉን በጆሮዋ ብቻ ሳይሆን በቆመችበት መሬት ላይ ልትሰማው ትፈልጋለች። ጎርጎርዮስ ምሁር ነበር፤ መጽሐፉ ለእሱ በየትም ቦታ ሕያው ነው። የሰው ሁሉ አእምሮ ግን እንደ እሱ አይደለም። ተራራ ወጥቶ፣ ደክሞት፣ ውኃ ጠምቶት ካልሆነ የማይገባው ብዙ ሰው አለ፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ።

የጎርጎርዮስ ማስጠንቀቂያ በሙሉ ክብደቱ የሚሰማኝ በኢየሩሳሌም ያለውን የዴር ሱልጣን ገዳም ሳስብ ነው። የእኛ መነኮሳት በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ፣ ከቅድስት እሌኒ ጸሎት ቤት በላይ፣ ጎጆ በሚያህሉ ትንንሽ ክፍሎች ይኖራሉ። ከዘመናት በፊት በዋናው ሕንፃ ውስጥ ድርሻ ነበራቸው፤ በድህነትና ግብር መክፈል ባለመቻል አጡት። በ1838 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ገብቶ መነኮሳቱ አለቁ፤ መጻሕፍታቸውም ተቃጠሉ፤ የይዞታው ማስረጃም አብሮ ጠፋ ይባላል። ከግብጻውያን (ኮፕት) መነኮሳት ጋር በይዞታው ላይ ያለው ክርክር እስካሁን አላበቃም። በ1970 እ.ኤ.አ. በትንሣኤ ሌሊት፣ ግብጻውያኑ ለጸሎት በወረዱበት ሰዓት፣ የአርባዕቱ እንስሳና የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤቶች ቁልፍ ተቀይሮ በኢትዮጵያውያን እጅ ገባ። በ2002 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ ወንበር ከፀሐይ ወደ ጥላ በመዛወሩ ጠብ ተነሳ፤ መነኮሳት በድንጋይና በብረት ተፈናክተው ሆስፒታል ገቡ።

ወገኔ የእኛ መነኮሳት ናቸው፤ ይህን አልሸሽግም። በዚያ ፀሐይና በዚያ ብርድ፣ ያለ በቂ ውኃና ያለ መብራት ለዘመናት ያን ጣሪያ ላልለቀቁ ሰዎች ስፍራው የጸሎታቸው ርስት ነው። ነገር ግን ስፍራው ከናፍቆት ወጥቶ ይዞታ በሆነ ጊዜ በአማኝ ልብ ላይ የሚያደርሰውን አደጋ ካላየን የምንወደው ነገር ያጠፋናል። ሩቅ ሳለ የሚያስታርቀን ደጅ፣ ስንቀርበው ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚያሰኘን ከሆነ፣ ጎርጎርዮስ ያለው ደረሰብን ማለት ነው። በዚያ ጣሪያ ላይ እኔን የሚያጽናናኝ ሌላ ነገር አለ። በትንሣኤ ሌሊት ኢትዮጵያውያኑ በሕንፃው ውስጥ ቦታ ስለሌላቸው ጣሪያው ላይ ድንኳን ይተክላሉ፤ ከበሮ እየመቱ፣ ጧፍ ይዘው፣ የጌታን ሥጋ ፍለጋ ጉልላቱን ይዞራሉ። መቃብሩ ከእግራቸው በታች በተዘረጋው ሕንፃ ውስጥ ነው። እዚያ ደርሰውም ገና በደጅ ናቸው። በእግሩ ወደ ላሊበላ ከሚመጣው ሰው ጋር አንድ የሚያደርጋቸውም ይህ ነው።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ይህን ርቀት በየመንደሩ ጠብቃ ያቆየችው በታቦቱ ይመስለኛል። ሰው በሠፈሩ ባለው ደብር ተጠምቆ፣ አግብቶ፣ ልጆቹን አስጠምቆ፣ በግቢው ይቀበራል፤ ታቦቱን ግን አንድ ቀን አያየውም። በጥምቀት ሲወጣ በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ በካህን ራስ ላይ ነው። አክሱም ጽዮን ያለው ጽላት ደግሞ ከአንድ ጠባቂ መነኩሴ በቀር የሚቀርበው የለም። ከቤቱ በር አሥር እርምጃ ላይ እንኳ ቅዱሱ ነገር ከመጋረጃ ወዲያ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ከተዘረፉት መካከል ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የተቀመጡት ታቦታት ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞችም አያዩአቸውም። በኤድንበርግ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተገኘው ታቦት በ2002 እ.ኤ.አ. ሲመለስ አዲስ አበባ የወጣው ሕዝብ ሊያየው የሄደ አልነበረም፤ እንደማያየው ያውቃል። በመካከሉ እንዲያልፍ ነበር የወጣው። በዋሽንግተንም ሆነ በስቶክሆልም በኪራይ አዳራሽ የጀመሩ ምእመናን ታቦት ሲገባላቸው ያ አዳራሽ ሌላ ነገር የሚሆንባቸው ለዚህ ነው። ቦታው አብሯቸው ይሰደዳል፤ መጋረጃውም አብሮ።

ርቀት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ደብረ ዳሞ ገዳም በገመድ ነው የሚወጣው፤ ሴት አትወጣም። ከታች ቆማ የምትጸልየውን ሴት እምነት ማንም አያሳንሰውም፤ እንዲያውም ከወጡት ወንዶች ትበልጥ ይሆናል። ሆኖም ሰው ራሱ የመረጠው ርቀትና ሌላ ሰው የደነገገበት ርቀት በአንድ ሰው ነፍስ ላይ አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ ብዬ ለመናገር አልደፍርም። ይህን የምትመልሰው ከታች የቆመችው ናት።

ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ርቀትን በየቀኑ አምስት ጊዜ ይለኩታል፤ ሶላት ማለት ፊትን ወደ ሩቅ ከተማ ማዞር ነውና። ለእነሱ ግን ታሪክ ሌላም አቅጣጫ ሰጥቷቸዋል። በ615 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ ተከታዮች ወደዚህ ምድር ነው የመጡት። ከእነሱ አንዱ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በንጉሡ በአል-ነጃሺ ፊት ከመርየም ሱራ አነበበ፤ መጠጊያም አገኙ። ትግራይ ውስጥ የአል-ነጃሺን መስጊድ የሚዘይር ሙስሊም ሃይማኖቱ ገና የጥቂት ሰዎች ሳለ በሀገሩ እንግዳ እንደነበረ እያወቀ ነው የሚጸልየው። ያ መስጊድ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲመታ ብዙ ክርስቲያን ያዘነው ለሕንፃው ብቻ አልነበረም፤ እንግዳ ተቀባይነታችን የተጻፈበት ቦታ ስለሆነ ነው።

ስለ ርቀት ያልኩት ሁሉ ፈተና ላይ የሚወድቀው ግን የሀገራችን አይሁዳውያን ወደሆኑት ወደ ቤተ እስራኤል ስንመጣ ነው። እነሱ ኢየሩሳሌምን አልፈለፈሉም፤ ጣሪያዋ ላይም አልኖሩም። በጎንደር አምቦበርና በሌሎችም መንደሮች በየዓመቱ በስግድ ቀን፣ ከማስተሰርያ በዓል 50 ቀን በኋላ፣ እየጾሙ ተራራ ይወጡ ነበር። ትሕትናን ለማሳየት ድንጋይ ይሸከማሉ። ቄሶቹ ኦሪትንና የዕዝራን የነህምያን መጻሕፍት በግእዝ ያነባሉ፤ ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ዞሮ ይሰግዳል። ከዚያ ወርደው ይበላሉ፣ ይዘፍናሉ። ትውልድ ከትውልድ ያላያትን ከተማ እየጠራ አለፈ። ብዙ ሽማግሌዎች ኢየሩሳሌም የወርቅ ከተማ ትመስላቸው እንደነበር ይተርካሉ።

ከዚያ ተጓዙ። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል በእግራቸው ከወጡት ወደ 4,000 የሚሆኑት በመንገድና በመጠለያ እንዳለቁ ይነገራል። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። የደረሱባት ከተማ ድንጋይ ነበረች፤ አውቶቡስ ነበራት፤ ቢሮ ነበራት። የሀገሪቱ የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ይሁዲነታቸውን ጠርጥሮ የመንጻት ጥምቀት እንዲፈጽሙ ጠየቃቸው፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ይህን በመቃወም ኢየሩሳሌም ውስጥ ለሳምንታት የመቀመጥ ሰልፍ አደረጉ። ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው ለዘመናት የሰገዱላት ከተማ እናንተ ማን ናችሁ አለቻቸው። አንድ ሰው በሕይወቱ ከዚህ የበለጠ የእምነት ፈተና ይገጥመዋል ብዬ አላስብም። ያልደረሰ ሰው ተስፋው ይጠብቀዋል፤ የደረሰ ሰው ምን ይጠብቀዋል?

ስግድ ሊቀር ይችል ነበር፤ ምክንያቱ አብቅቷል የሚሉም አልታጡም። አልቀረም። ቄሶቹ ቤተ መቅደሱ ገና አልተሠራም፣ ሕዝቡም ገና አልተሰበሰበም፣ ስለዚህ ጸሎቱ አልተፈጸመም አሉ። በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን በሕግ የሀገሪቱ በዓል አደረገው። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነጭ ለብሰው ከአሮጌው ከተማ በስተደቡብ ካለው ኮረብታ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ የቤተ መቅደሱ ተራራ ፊት ለፊት ይታያል። ቄሶቹ በባለ ዘርፍ ጃንጥላ ሥር ቆመው ያነባሉ። ጎንደርን የማያውቁ፣ እዚያው የተወለዱ፣ የወታደር ልብስ የለበሱም ወጣቶች ከኋላ ቆመው ያዳምጣሉ። ለእነዚህ ልጆች ኢየሩሳሌም ትምህርት ቤት የሄዱባት ከተማ ናት፤ ሩቅ ሆኖ የሚጠራቸው ተራራ አሁን አምቦበር ነው። አንዳንዶቹ ወላጆቻቸው የወረዱበትን ያን ተራራ ለማየት ወደ ጎንደር ይሄዳሉ። በኮረብታው ላይ ግእዙ ከተነበበ በኋላ ለሽማግሌዎቹ በአማርኛ፣ ለወጣቶቹ በዕብራይስጥ ይተረጎምላቸዋል፤ ጾሙም የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው።